ማጥፊያው ተዘግቷል፣ ፋኑ ግን ይዞራል

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ጉዳዬ ፖለቲካ አይደለም። የዘይት ዋጋም አይደለም። አልጠፋ ስላለኝ ፋን ነው። መሳቅ ይቻላል፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄ ነበር። 11 ቀን ሙሉ ማጥፊያውን ንቆ ሲዞርብኝ፣ ሁለት ሰው ጠርቼ ሁለቴ ከፍዬ ጭራሽ ሲብስብኝ ግን ሳቁ ጠፋ። ያልጠፋው ፋኑ ብቻ ነው።

ደጋ ላላችሁ ትንሽ ላስረዳ። እናንተ ጋ ኮርኒስ ላይ የሚንጠለጠል ቬንትሌተር ብርቅ ነው። እኛ ጋ ከአልጋ ቀጥሎ የሚገዛ ዕቃ ነው። አዲስ ተጋቢዎች ቤት ሲይዙ ቁምሳጥኑ ይቆየን ይላሉ፣ ፋኑን ግን አያቆዩትም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ አዲስ አበባ የዚህ እጥፍ ያህል ላይ፣ የዚህን ልዩነት ሌሊት ትራሱን እያገላበጠ ቀዝቃዛውን ጎን የሚፈልግ ሰው ያውቀዋል። ሰኔና ሐምሌ ላይ እኔ ቤት ፋን የሚያጠፋ የለም። ቁጥሩ 5 ላይ ይደረጋል፣ ከዚያ ይረሳል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ዘንድሮ ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤልን ልሳለም ብላ መጣች። እማዬ ትመጣለች ተብሎ ቤቱ ቀለም ተቀባ። ቀለም ቀቢው ኮርኒሱን ሲቀባ እንዳያስቸግረው የሳሎኑን ፋን አወረደ፣ ሲጨርስ መልሶ ሰቀለው። አበራነው፣ ዞረ። ሰውየውን አመስግነን ሸኘነው። ይሄ የሆነው እማዬ ከመምጣቷ ከአሥር ቀን በፊት ነው።

እማዬ የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ብርድ ሸሽታ፣ አጥንቴ ትሙቅልኝ ብላ ነው የመጣችው። የመጀመሪያው ሌሊት ሳሎን ተነጠፈላት። ከቀኑ መንገድ ደክሟት ጋደም አለችና፣ «ልጄ፣ ይቺን ነገር አጥፋልኝ፣ ራሴን መታችኝ» አለች። ማጥፊያውን ቀጭ አደረግሁት። ፋኑ ዞረ። «ቀስ ብሎ ይቆማል እማዬ» አልኳት፣ ክንፉ ከባድ ስለሆነ መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ትንሽ እንደሚንከባለል አውቃለሁ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። አሥር ደቂቃ። ይዞራል። ሬጉሌተሩን፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ማለቴ ነው፣ ከ5 ወደ 1 አመጣሁት፣ ያው ነው። ዜሮ አደረግሁት፣ ያው ነው። እማዬ ጋቢዋን ደርባ፣ በላዩ ነጠላ አጣፍታ፣ ድሬዳዋ ላይ ደብረ ብርሃንን ሆና አደረች።

ያን ዕለት ማታ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጥቶ ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ። መብራቱ ሲመጣ ከፍ ብሎ መጥቶ አቃጠለው አልን። እኛ ሀገር አምፖል ቢቃጠል፣ ቴሌቪዥን ቢበላሽ፣ ወተት ቢቆመጥጥ መብራቱ ነው ማለት ለምዶብናል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። በዚህ ጊዜ ግን አልነበረም፣ እኔም በዚህ የተሳሳተ ሐሳብ ይዤ ነው ሁሉንም ያበላሸሁት።

በማግስቱ የጎረቤቴ ልጅ በመጥረጊያ እንጨት ሊያቆመው ሞከረ። ይሄን ማንም አያድርግ። እንጨቱ ተመልሶ ግንባሩን ሊመታው ለጥቂት ነው የዳነው፣ ደግሞ ሞተር ኤሌክትሪክ እያገኘ በግድ ሲቆም ይግላል፣ ውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅል ሊቃጠል ይችላል። እማዬ በበኩሏ ከቁልቢ ያመጣችውን ጸበል ይዛ ወደ ፋኑ ልትረጭ ስትነሳ ደርሼ ያዝኳት። «እማዬ፣ ጸበሉ አይደለም ያስፈራኝ፣ ውሃነቱ ነው» አልኳት። ተቀየመችኝ። ማታ ላይ ታረቅን።

የመጀመሪያው ባለሙያ መጣ። ቀና ብሎ አየውና «ደክሟል፣ ካፓሲተሩ ነው» አለ። ፍርዱ ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። በእርግጥ ፋኑ ከበፊቱ ትንሽ የደከመ ይመስል ነበር፣ ሰውየው ያንን አይቷል፣ አልሸምጥጠውም። ግን እኔ የጠራሁት ስለ ደከመ አይደለም፣ ስላልጠፋ ነው። ካፓሲተር ማለት ፋኑ እንዲነሳና ጉልበት እንዲያገኝ የሚረዳ ትንሽ ዕቃ ነው። ሲበላሽ ፋኑ ይልመሰመሳል ወይም ጭራሽ አይነሳም። አልጠፋም እንዲል የሚያደርግበት መንገድ የለም። ይሄን ዛሬ አውቄ ነው የምጽፈው፣ ያኔ ግን ራሴን ነቅንቄ ከፈልኩ። የነበረው ላይ 2.5 ማይክሮፋራድ ይላል፣ የካፓሲተር መለኪያ ነው፣ ሰውየው ያስገባው 3.5 ነበር። ውጤቱን ገምቱ። ፋኑ አሁንም አይጠፋም፣ አሁን ግን በፍጥነት ነው የማይጠፋው። እማዬ ሁለተኛ ጋቢ ጠየቀች።

ሁለተኛው ሰው የተሻለ ነበር። ቢያንስ ማጥፊያውን ራሱ ነካክቶ አየው። ሬጉሌተሩን ከ1 እስከ 5 አዞረው፣ ፍጥነቱ እንደማይለወጥ አየ፣ «ሬጉሌተሩ ሞቷል» አለ። ምክንያታዊ ነው፣ እኔም አመንኩት። አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ። ለውጥ የለም። ማጥፊያውንም ቀየረው። ለውጥ የለም። ሰውየው ላብ አጠመቀው፣ በዚያ ሁሉ ንፋስ ውስጥ። በመጨረሻ «ሞተሩ ነው፣ ሌላ ግዙ» ብሎ ሄደ። ለሁለቱ የከፈልኩትን እዚህ አልናገርም፣ ባለቤቴ ጋዜጣ ታነባለች።

ብሬከሩን አታወርደውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አወርዳለሁ እንጂ! ብሬከሩ ሲወርድ ፋኑ ይቆማል፣ ይሄ የመጀመሪያው ትክክለኛ እርምጃ ነው፣ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ወዲያው ሊያደርገው የሚገባው ነው። የኛ ቤት ችግር ፋኑ ያለበት ብሬከር ፍሪጁንም የያዘ መሆኑ ነው። ቤቱ ሦስት ብሬከር አለው፣ የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ የሚናገር አንዲት ቃል አልተጻፈበትም። ስለዚህ በየማታው ምርጫ ነበረብን። ወይ እማዬ ትበርዳለች፣ ወይ ሥጋው ይሸታል። ቀን ቀን አብርተን፣ ሌሊት እያጠፋን፣ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ረስተነው ሰነበትን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ያኔ ማንም ልብ ያላለው ነው። በሰባተኛው ቀን እማዬ እግሯን ታጥባ ከበረንዳው ስትመለስ የብረት በሩን ያዘችና «ነዘረኝ» አለች። እኔ እርጅና ነው፣ ክንዷ ደንዝዞ ይሆናል አልኩ። እንደዚህ ማሰቤን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል። ሌላም ነገር ብላኝ ነበር። «ስትዘጋው ያቃስታል፣ ስትከፍተው ይቀለዋል» ትለኝ ነበር ስለ ፋኑ። እውነትም ማጥፊያው ሲነካ ድምፁ ትንሽ ይለወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ስትሰማው ያደረች ሴት ናት፣ ከሁለቱ ባለሙያዎች በላይ ታውቀዋለች። ማን ሰማት?

በ11ኛው ቀን አንዲት ልጅ መጣች። ሦስተኛ ቤት ያሉ ጎረቤቶቻችን ልጅ ናት፣ ቴክኒክና ሙያ ተምራ ሲኦሲውን፣ የብቃት ፈተናውን፣ አልፋ ሥራ የምትፈልግ። አባቷ «አቦ፣ እሷን ሞክራት እስቲ» ብሎኝ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም አልጠበቅሁም ነበር። አንዲት ቴስተር፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴፕ ይዛ መጣች። አንዱንም ግን አልመዘዘችም። ተቀመጠችና መጠየቅ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እማዬ ከመጣች ጀምሮ።»

«እማማ ከመምጣታቸው በፊት ባለው ሳምንት አጥፍታችሁት ታውቃላችሁ?»

ዝም አልኩ። ባለቤቴን አየኋት፣ እሷም እኔን አየችኝ። ሐምሌ ነው፣ ማን ያጠፋል? ቁጥር 5 ላይ ነበር፣ ከ5 ያወረደውም የለም። እንግዲህ አለመጥፋቱ መቼ እንደጀመረ አናውቅም ማለት ነው። የምናውቀው እኛ መቼ እንዳየነው ብቻ ነው።

«ከዚያ በፊት ማን ነካው?» አለች። ቀለም ቀቢውን ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሬጉሌተሩም ማጥፊያውም አብረው እምቢ እንዳሉ ነገርኳት። «ሁለት ጤነኛ ዕቃ በአንድ ሌሊት አይሞትም ጋሼ፣ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ አግኝቶ ነው» አለች። ስለ ማቃሰቱ እማዬ ራሷ ነገረቻት። ስለ ነዘራት በር ስትሰማ ግን ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ፣ ተነስታ ብሬከሩን አወረደችው፣ ቴፕ ለጠፈችበት፣ ልጄን አጠገቡ አቁማ «እኔ ሳልልህ ማንም እንዳይነካው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ማጥፊያውን ከግድግዳው ነቀለችና ገመዶቹ እንዳይነካኩ ለያይታ ብሬከሩን አስነሳች። ፋኑ ዞረ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚበራው ቴስተሯ የማጥፊያውን ሁለቱንም ጫፍ ነካች። አንዱም ጋ አልበራም። «አያችሁ? ፌዙ እዚህ የለም» አለች። ፌዝ ማለት ኤሌክትሪኩን ይዞ የሚመጣው፣ የሚገድለው ገመድ ነው። ኒውትራሉ ደግሞ መመለሻው ነው። ማጥፊያ ፌዙን ነው መቁረጥ ያለበት። የኛን ቤት የዘረጋው ሰው ግን ፌዙን በቀጥታ ወደ ፋኑ ልኮ፣ ማጥፊያውንና ሬጉሌተሩን መመለሻው ላይ አስሯቸዋል። ምን ያድርግ፣ ኮርኒስ ውስጥ የዘረጋው ገመድ ሁለቱም ጥቁር ነው፣ ራሱም ምናልባት ተምታቶበት ይሆናል።

እንዲህ ሲታሰርም ፋኑ ይጠፋል፣ ለዓመታትም ጠፍቷል። መንገዱ የትም ቢቆረጥ መዞሩ ይቆማልና። ግን ቆሞም ፌዙ ክንፉ አናት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ማጥፊያውን ዘግቻለሁ» ብሎ በመሰላል ወጥቶ የሚያጸዳው ሰው የሚነካው ሕይወት ያለው ገመድ ነው። እኔ ያንን ፋን ስንቴ በእርጥብ ጨርቅ እንደወለወልኩት እግዜር ይወቀው።

ቀጥላ ብሬከሩን አወረደችና ከማጥፊያው ጋር የሚገናኘውን አንዱን ገመድ ፈትታ ጫፉን በቴፕ ጠቀለለችው። አሁን ማጥፊያውም ሬጉሌተሩም ከጨዋታው ወጡ ማለት ነው። «አሁን ብሬከሩን ስናስነሳ ፋኑ ከቆመ ጥፋተኛው ማጥፊያው ነው፣ ከዞረ ግን ገመዱ ላይ ነው» አለች። ልጄ ብሬከሩን አስነሳው። ማጥፊያ የሌለው፣ ገመዱ የተቆረጠ ፋን፣ አይናችን እያየ ተነስቶ ዞረ። እማዬ አማተበች። እኔም አማተብኩ።

ይቺ ሙከራ አንድ ደቂቃ አትፈጅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች ይቺን ቢያደርጉ ኖሮ ካፓሲተርም ሬጉሌተርም ማጥፊያም አልገዛም ነበር።

ብሬከሩ እንደገና ወረደ፣ መሰላል መጣ። ፋኑ ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያለችውን ኮፍያ የምትመስል ክዳን ዝቅ አደረገቻት። እዚያው ነበር። ቀለም ቀቢው ሲሰቅለው መመለሻው ገመድ በማንጠልጠያው ብረትና በዘንጉ መካከል ተቀርቅሯል። ፋን ሲዞር ይንቀጠቀጣል፣ እየተንቀጠቀጠ ፕላስቲኩን ልጦት መዳቡ ብረቱ ላይ ተጋድሟል። የቤቱ ባለቤት ምስጥ ፈርቶ ጣሪያውን በብረት ነው ያሠራው። የፋኑ ማንጠልጠያ ከዚያ ብረት ጋር ታስሯል፣ ብረቱ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ተበይዷል፣ በሩም ከምሰሶው ጋር፣ ምሰሶው መሬት ውስጥ ገብቷል። ኤሌክትሪኩ ማጥፊያው ሲዘጋበት አልተቸገረም። በጣሪያው ብረት፣ በምሰሶው፣ በመሬቱ አድርጎ ተመለሰ። ፋኑ የሚያቃስተው የድሬ አሸዋ ደረቅ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪክ እንደልብ ስለማያሳልፍ ነው። መሬቱ የተቃወመው ያህል ደግሞ ብረቱ ላይ ይቀራል። እማዬን በእርጥብ እግሯ የነዘራት ይሄ ነው። «እማማ ባይነግሩን ኖሮ» አለች ልጅቷ፣ አልጨረሰችውም።

እኔ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት። ታዲያ ብሬከሩ ለምን ራሱ አልወረደም? መልሷን ወድጄዋለሁ። የኛ ፋን 75 ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 0.34 አምፔር ይመጣል። ብሬከራችን 10 አምፔር ነው። እሱ ገመድ እንዳይቃጠል እንጂ ሰው እንዳይነዘር የተሠራ አይደለም፣ 0.34 አምፔር በጣሪያ ሄደ በማጥፊያ ለሱ አንድ ነው፣ ጉዳዩም አይደለም። የሚያውቀው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፣ የሄደውና የተመለሰው እኩል መሆኑን እየቆጠረ፣ ሲጎድልበት ከመቅጽበት የሚያጠፋ። ቤት ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ 30 ሚሊአምፔር ሲጎድል ነው የሚወርደው። የኛ ቤት ማጥፊያው ሲዘጋ እስከ 340 ድረስ ነበር የሚጎድለው፣ አሥር እጥፍ ያህል። ያ ብሬከር ቢኖር ቢዘገይ ቢዘገይ በመጀመሪያው ሌሊት ማጥፊያውን ቀጭ ባደረግሁበት ቅጽበት ይወርድ ነበር፣ እማዬም ሳትነዘር እናውቀው ነበር። የኛ ቤት የለውም። የናንተ ቤት አለው? ሄዳችሁ እዩ፣ ያኛው ላዩ ላይ የመሞከሪያ ትንሽ ቁልፍ አለችው፣ ስትጫን መብራቱን መጣል አለባት።

ጥገናው ከግማሽ ሰዓት አልዘለለም። የተላጠውን ቆርጣ አዲስ ገመድ ቀጠለች፣ ብረቱ የሚነካበትን ቦታ በላስቲክ ቱቦ አለበሰችው። ከበሩ በላይ ያለውን የመገናኛ ሳጥን ከፍታ ፌዙን በማጥፊያው በኩል እንዲያልፍ፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ ፋኑ እንዲሄድ አዛወረችው። 3.5ቱን ካፓሲተር አውጥታ 2.5ቱን መለሰች፣ አሮጌው ጤነኛ ነበር። በመጨረሻ ማጥፊያውን ቀጭ አደረገች። ፋኑ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አለና ቆመ። ሳሎኑ እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን ረስተነው ነበር። ከሩቅ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ።

እማዬ ጸበሏን አውጥታ ልጅቷን ረጨቻት። ይሄን ጊዜ አልከለከልኳትም።

ይሄን ለእህቴ በስልክ ስነግራት፣ ዳላስ ነው ያለችው፣ እሷም የራሷን አመጣች። የሷ ፋን በሪሞት ነው የሚሠራው፣ ሌሊት ሌሊት ራሱ ይነሳ ነበር አለችኝ፣ ታጠፋዋለች፣ ተመልሶ ይነሳል። ሰይጣን ነው ብላ ቄስ ልትጠራ ምንም አልቀራት። ነገሩ ሲታይ ከላይ ያለው ጎረቤቷ አንድ ዓይነት ፋን ገዝቷል። የዚያ ዓይነት ሪሞት ውስጡ አራት ጥቃቅን ማብሪያዎች አሉት፣ በነሱ የሚገኘው የኮድ ዓይነት 16 ብቻ ነው፣ ሁለቱም ከፋብሪካ እንደወጣ ሳይነኩት ሰቅለውታል። ጎረቤትየው ሲሞቀው እሷ ትበርዳለች። ሪሞት ያለው ፋን አሁን እኛም ጋ መጥቷል፣ ስለዚህ ይሄም ይታወቅ። ሪሞቱ ላይ ያሉትን ማብሪያዎች ቦታ ቀይሮ ኮርኒስ ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር ማመሳሰል ነው፣ አለቀ። ማመሳሰሉ ባያድነው ተቀባዩ ውስጥ ያለው መቆራረጫ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፣ ያ ይቀየራል።

ማጥፊያም ራሱ የሚጣበቅበት ጊዜ አለ፣ ልጅቷን ጠይቄያታለሁ። ሞተር ሲጠፋ ማጥፊያው ውስጥ ብልጭታ አለ፣ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ብትዘጉት ታዩታላችሁ። ርካሽ ማጥፊያ ከሆነ ያ ብልጭታ በጊዜ ብዛት ሁለቱን ምላሶች ያቀልጥና ያጣብቃቸዋል፣ ከውጭ ቀጭ ይላል፣ ውስጡ ግን አይለያይም። በብዛት የሚያጋጥመው ይሄኛው ነው አለችኝ፣ መድኃኒቱም ቀላል ነው፣ ደህና ማጥፊያ መግዛት። ዜሮ ላይ ሲደረግ የሚያጠፋው የኤሌክትሮኒክስ ሬጉሌተርም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሲቃጠል ኤሌክትሪኩን እንዳሳለፈ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፣ አይቀንስም አይጠፋም። ከኛው የሚለየው ያኔ የግድግዳው ማጥፊያ ይሰማል። የኛ ቤት ሁለቱም አልሰሙም። ልዩነቱን ካወቃችሁት ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ አዘጋጆች። ጋዜጣችሁ ላይ የጤና ዓምድ አለ፣ የሕግ ምክር አለ፣ የፍቅር ደብዳቤ እንኳ አለ። ስለ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ በሳምንት አንዲት ሩብ ገጽ ብትሰጡ ምን ይላችኋል? ባለሙያ እንዲሆን አይደለም ሰውን፣ እኔ ራሴ እስከ ዛሬ ገመድ አልነካሁም፣ አልነካምም። ግን የጠራሁት ሰው ሳይጠይቅና ሳይሞክር ዕቃ መቀየር ሲጀምር «ቆይ እስቲ» ለማለት ያህል ማወቅ እፈልጋለሁ። ለልጅቷም ሥራ ይገኝላት ይሆናል፣ ስሟን እንድጽፍ ጠይቄያት አይሆንም ስላለችኝ ነው የተውኩት።

አንድ ነገር ግን አልተዘጋም። ልጅቷ ሳሎኑን ከጨረሰች በኋላ በራሷ ፈቃድ ሌሎቹን ክፍሎች አየችልኝ። ከአምስት ማጥፊያ ሦስቱ እንደዚያው ኒውትራል ላይ ነው የታሰሩት። የልጆቹ መኝታ ቤት አንዱ ነው። ለቤቱ ባለቤት ደወልኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ኪራይ ጨምረውብኝ እንኳ አያውቁም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሠራ ኖሯል እኮ፣ አሁን ምን ሆነ?» አሉኝ። ስለ በሩ ነገርኳቸው። «እስቲ ሳምንት እመጣለሁ» አሉ። ይሄ ሦስተኛው ሳምንት ነው።

እማዬ ደብረ ብርሃን ገብታለች። በየማታው ትደውላለች፣ ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀው «በሩን እንዳትነኩት፣ አየው ሰውየው?» ነው። ሳሎኑ ተስተካክሏል ብላትም አልዋጥላትም። ስለዚህ ከነሐሴ ኪራይ ላይ የልጅቷን ዋጋና የዚያን ሲጎድልበት የሚያጠፋ ብሬከር ሒሳብ ቀንሼ ሦስቱንም ላሠራ ወስኛለሁ። ባለቤቱ ይሄን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ጋሼ፣ ደረሰኙን አስቀምጥልዎታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ